ከግድግዳው የበቀለው ሾላ

«አንድ ሰው ነበረ» ብለው ጀመሩ ጋሽ አሰጌ፣ ጡረታ የወጡት የሆስፒታል ድሬሰር። አንጓች የጠየቀቻቸው ግን ሌላ ነበር። የባሏ ጭንቅላት ተከፍቶ ዕጢው ሲወጣ፣ ሐኪሙ «ሁሉንም አላወጣሁትም፤ ከአንጎሉ ጋር ተጠላልፏል» ብሏታል። «ከከፈተው አይቀር ጠራርጎ ቢያወጣው ምን ነበረበት?» ነበር ጥያቄዋ። ባሏን ሆስፒታል ትታ ቤታቸው የመጣችው ተረት ልትሰማ አልነበረም፤ ግን ሽማግሌው አንዴ ከጀመሩ አይቋረጡም።

«ይህ ሰው በድንጋይና በጭቃ ቤት ሠራ። አፈሩን ያስቆፈረው ከሾላ ዛፍ ሥር ነው፣ ጥሩ ይይዛል ብሎ። ጭቃው ከጭድ ጋር ሲረገጥ የሾላው ፍሬም አብሮ ተረገጠ፤ ማን ልብ ይላል? ዓይነ ስውር እናቱ እዚያ ቤት ትኖር ነበር። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ከመደቧ እስከ በሩ ትሄዳለች፣ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ማንም አይመራትም።

«ከዓመታት በኋላ ከግድግዳው ቅጠል ብቅ አለ። ሰውየው ‹ማን ተከለብኝ?› ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ተጠራጠረ። ኧረ ማንም አልተከለበትም፤ ከገዛ ጭቃው ነው የበቀለው። ቡቃያው ግንድ አውጥቶ ግድግዳውን መሰንጠቅ ሲጀምር ግንበኛ ጠራ። ግንበኛው ግንዱን ቆረጠ፣ እጁ የደረሰበትን ሥር መዘዘና ቆመ። ‹የቀረው ውስጥ ገብቷል። ሥሩ የቱ ጋ አልቆ ግድግዳው የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት አልችልም› አለው። ሰውየው ተናደደ፤ ሥራ አይችልም ብሎ አባረረው። በሬዎቹን አመጣ፣ ሥሩን በጠፍር አስሮ አስጎተተ።

«ሥሩ ወጣ፤ አንድም አልቀረም። ግድግዳውም አብሮ ወረደ።

«እናቱ ደጅ ተቀምጣ ስለነበር አልተጎዳችም። ልትገባ ተነሥታ እጇን ዘረጋች፤ የምትይዘው አጣች። ‹ልጄ፣ በየት በኩል ነው የምገባው?› አለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ካልያዛት አንድ እርምጃ አትራመድም ነበር።»

ጋሽ አሰጌ ወደ አንጓች ዞሩ።

«ሰማሽ ልጄ? ያ ዕጢም እንዲሁ ነው። የማንም ዓይን፣ የማንም እርግማን አላመጣውም፤ ከገዛ አንጎሉ ነው የበቀለው። የሚናገርበት፣ ሰው የሚያውቅበት ቦታ ውስጥ ሥር ሰዷል። ሐኪሙ ሰንፎ አይደለም የተወው፤ ግድግዳውን ሊያተርፍልሽ ነው።»

«የቀረውስ?» አለች።

«ያድጋል። የጨረር ሕክምናውና መድኃኒቱ ያዘገዩታል እንጂ አያጠፉትም። እኔ አልዋሽሽም።»

አንጓች አለቀሰች። ሽማግሌው ተይ አላሏትም፤ እስኪወጣላት ጠበቁ።

«ዛሬ ጠዋት ሲነቃ ምን አለ?» ብለው ጠየቋት።

«ስሜን ጠራ።»

«ታዲያ እዚህ ከእኔ ጋር ምን ትሠሪያለሽ?»