ያልተፈታው ቋጠሮ

አንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ለሙታናቸው የተለየ ክብር ነበራቸው። ከመካከላቸው ባለጀልባ ሲሞት ጀልባው አይሸጥም፣ አይቀዘፍም፤ ሟቹ ለመጨረሻ ጊዜ በገዛ እጁ ያሰረውን ቋጠሮም ማንም አይፈታም። «የእጁ ሥራ ነው፣ ይቆይለት» ይባላል። ልማዱ ድሮ ተዝካሩ እስኪወጣ ድረስ ብቻ እንደነበረ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። ነገር ግን ዓመቱ ሲሞላ «በቃ፣ ልፍታው» ለማለት ልብ የሚያገኝ ሰው ጠፋ። ስለዚህ የሟቾቹ ጀልባዎች ዝናብ እየጠጡ፣ ወፍ እየሰፈረባቸው፣ ከዓመት ዓመት በወደቡ ዳር እየበዙ ሄዱ።

በዚያ መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ይስማው ሰውና እህል ወደ ማዶ የሚያሻግር ቀዛፊ ነበር። አንድ የገበያ ቀን፣ ክረምት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ይስማው ጀልባውን ከችካሉ አሰረና እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ከሌላ ጀልባ የሚወርዱ ሴቶችን እጃቸውን እየያዘ ያወርድ ጀመር። ድንገት ነፋስ ተነሣ። ከተደረደሩት የሟች ጀልባዎች የአንዱ ገመድ ተበጠሰ፤ ባዶው ጀልባም በማዕበሉ እየተገፋ መጣ። ይስማው ሴቶቹን ወደ ዳር ገፋቸው። እሱ ግን በጀልባውና በመውረጃው የድንጋይ ካብ መካከል ተጨፍልቆ ሞተ።

ያ ጀልባ የአንዲት አሮጊት፣ የእማማ ድንቄ፣ ባል ጀልባ ነበር፤ ባልየው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እማማ ድንቄ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ከበሩ ላይ ቆሙ። አንጓች ፊቷን አዞረችባቸው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች አልተነጋገሩም።

አንጓች ፊደል የቆጠረች ሴት ነበረች። አርባው ባለፈ ማግስት አንድ ወረቀት ጻፈች፤ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰችም ወደ ወደቡ ዳኛ ወደ አያ ዳምጤ ሄደች። ዳኛው ከመውረጃው አጠገብ ዳስ ሥር ተቀምጠው የቀዛፊዎችን ተራ ያስከብራሉ።

«ምን ይዘሽ መጣሽ፣ ልጄ?»

«ሕግ ይዤ መጣሁ፣ አያ ዳምጤ» አለችና እዚያው አነበበችላቸው። «በዚህ ወደብ የሚታሰር ጀልባ ሁሉ በሕይወት ያለ ጠባቂ ይኑረው። ጠባቂው ክረምት ሳይገባ ገመዱን ይቀይር። ጠባቂ የሌለው ጀልባ ከውሃው ወጥቶ ወደ የብስ ይጎተት።»

ዳር ተቀምጠው የነበሩት ቀዛፊዎች ተንሾካሾኩ።

«ዛሬ ጀልባውን ከሰሰች፤ ነገ ደግሞ ነፋሱን ናት!» አለ አንዱ።

«ነፋሱ መጥሪያ ቢደርሰው የሚቀርብ ይመስልሃል?» አለ ሌላው፤ ተሳሳቁ።

አንጓች ዞር አለች። «ነፋሱን አልከስም። ነፋሱ ሥራውን ሠራ። ሥራውን ያልሠራው ሰው ነው።»

ሳቁ ቆመ። አያ ዳምጤ ወረቀቱን ተቀበሏት።

«ይህን ነገር ሦስት ጊዜ አንስቼው አውቃለሁ» አሏት። «ሦስቱንም ጊዜ ሰው ሁሉ ‹መልካም ነው› ይላል፤ ቀጥሎ ‹የአባቴን ግን እንዳትነኩ› ይልና ይበተናል። በይ፣ እስከ እሑድ ጀልባዎቹን አንድ በአንድ አይተሽ መዝግቢ፤ በሰው ፊት ታነቢያለሽ። እሑድ ከጸና ጸና። ካልጸና እስከ በጋ አላነሣውም፤ ክረምቱን እንደ ፈቃዱ እናሳልፈዋለን።»

አንጓች ክረምቱ እንደ ፈቃዱ ሲያልፍ ምን እንደሚወስድ ታውቃለች። ከማግስቱ ጀምሮ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ እየገባች ገመዶቹን መመርመር ያዘች። የቃጫ ገመድ ሲበሰብስ ከላይ ደህና ይመስላል፤ ጨብጠው ሲጨምቁት ግን እንደ ረጠበ አመድ በእጅ ላይ ይፈርሳል። አንዲት ሴት ስትመዘግብ አይታ «የአባቴን ስም ከወረቀትሽ አውጪ!» ብላ ጮኸችባት። አንጓች አላወጣችም። አሥር ጀልባ ጻፈች።

ከሁሉም መጨረሻ የይስማው ጀልባ ነበር። እዚያ በየማለዳው ትመጣለች፤ ከፊቱ ተቀምጣ ቋጠሮውን ታያለች። ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ ጫፉን ወደ ግራ መሸጎጥ የሱ ብቻ አሠራር ነበር። አየችውና ወረቀቷን አጣጥፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

እሑድ ሕዝቡ በመውረጃው ላይ ተሰበሰበ። አንጓች ሕጉን አነበበች፤ የአሥሩን ጀልባዎች ባለቤቶች ስምና የገመዶቻቸውን ሁኔታም አስከተለች። ስታበቃ እማማ ድንቄ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ስንት አልሽ፣ ልጄ?»

«አሥር።»

«አሥራ አንድ ናቸው።»

አንጓች ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። «የይስማው ጀልባ የተጣለ ጀልባ አይደለም። በየማለዳው እመጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሳላየው አልዋልኩም።»

«እኔም በየማለዳው እመጣ ነበር» አሉ እማማ ድንቄ። «አራት ዓመት ሙሉ። ሲዘንብም መጣሁ፣ ታምሜም መጣሁ። የኔም ሰው የተወደደ ሰው ነበር፣ ልጄ። አየው ነበር እንጂ አልነካውም ነበር። አንቺስ ነክተሽዋል?»

አንጓች ዓይኗን ወደ ይስማው ጀልባ መለሰች። ይህን ጊዜ ከኋላ አንድ ድምፅ «እንግዲያ ሕጉ ለባለሕጓ አይሠራም ማለት ነው! ምን እናደርጋለን እዚህ? እንሂድ!» አለ። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን እያራገፉ ተነሡ። አያ ዳምጤ አንጓችን ተመለከቱ።

እነዚህ ሰዎች አሁን ከተበተኑ ሕጉ እዚህ እንደሚያበቃ ገባት። ወረቀቱን ዳኛው ጭን ላይ አስቀመጠችና ወደ ውሃው ወረደች። ሰዉም ተከተላት።

ቋጠሮውን ጨበጠችው። እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነበር፤ ለአፍታ ልቧ ደስ አለው። ከዚያ እጇን በገመዱ ላይ ወደ ታች እየሳበች ከውሃው በታች አወረደችው። ገመዱ ከድንጋዩ ጋር በሚፋተግበት ቦታ ላይ ጣቷ ሦስት ቀጭን ክሮች ብቻ አገኘ። ሌላው ሁሉ ተበልቶ አልቋል። ይስማው ክረምት ሳይገባ እቀይረዋለሁ ብሎ ያሰበው ገመድ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ታያት። ይስማው ይህን ቋጠሮ በየማለዳው ይፈታው ነበር። ያስረው የነበረው ሊፈታው ነው እንጂ እንዲቀመጥለት አልነበረም።

ልትፈታው ሞከረች። ገመዱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ጥፍሯ ተሰበረ። አንድ ቀዛፊ ካራውን ዘረጋላት። «ቆይ» አለችና እንደገና ታገለች። አልሆነም። «በል ስጠኝ» አለች፤ ተቀብላም ቆረጠችው።

ጀልባው ወዲያው ከዳር ሸሸ። አንጓች ጠርዙን በሁለት እጇ ይዛ አብራ ተጎተተች፤ ውሃው ወገቧ ላይ ደረሰ። ከእጇ አጠገብ ሌላ የተጨማደደ እጅ ጠርዙን ሲይዝ አየች።

«እንዳትለቂው፣ ልጄ» አሉ እማማ ድንቄ።

«አልለቀውም፣ እማማ።»

ቀዛፊዎቹ እስኪደርሱ ድረስ ሁለቱ ሴቶች ያዙት። ከዚያ ውሃው በሰው ተሞላ። «አይ ይስማው! በሕይወት ሳለህ ተሸክመህ አሻገርከን፤ ዛሬ ደግሞ ‹ተራችሁ ነው፣ ጎትቱኝ› አልከና!» አለ በነፋሱ ሲቀልድ የነበረው ሰው፤ ፊቱ ግን በእንባ ርሶ ነበር። ጀልባውን የብስ ላይ አወጡት። ስሙን አውጪ ብላ የጮኸችው ሴት ማጭድ ይዛ ወደ አባቷ ጀልባ ስትሄድ ማንም አላዘዛትም። በሦስተኛው ቀን ከአሥራ አንዱ ጀልባዎች አንድም ውሃ ላይ አልቀረም።

ሕጉ ጸና። ደህና የሆኑት ጀልባዎች ተጠግነው ለሚቀዝፍ ሰው ተሰጡ፤ የማይጠገኑት ተፈልጠው ለመውረጃው መረማመጃ ሆኑ። አንጓች በይስማው ጀልባ ላይ ጠባቂ ተብላ ተመዘገበች፤ ሁልጊዜ ክረምት ሳይገባ ገመዱን በገዛ እጇ ትቀይራለች። በዚያው ዓመት በሐምሌ የተነሣው ነፋስ የቤት ክዳን ወሰደ። ከወደቡ ግን አንድም ጀልባ አልተፈታም፤ ማዶ የሄዱት ሁሉ ወደ ቤታቸው ገቡ።

እማማ ድንቄ ባላቸውን ይወዱ ነበር፤ አንጓችም ይስማውን ትወድ ነበር። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት የአንዷ ገመድ ቀድሞ መበጠሱ ብቻ ነው። ሳይነኩ ማቆየት መጠበቅ አይደለም። የምንወደውን ነገር በዓይናችን ብቻ ስንጎበኘው እኛ ታማኞች የሆንን ይመስለናል፤ እሱ ግን ከውሃው በታች በዝምታ ያልቃል። ሲበጠስም የሚመታው እኛን አይደለም፤ በመንገዱ ላይ የቆመውን፣ ምንም ያላጠፋውን ሰው ነው። ሕግ የሚያስፈልገንም ለዚህ ነው፤ ሕጉ የሚጸናው ግን የጠየቀው ሰው ከራሱ ሲጀምር ነው።

እርስዎስ፣ ከክብሩ የተነሣ ለዓመታት እጅዎን ያላሳረፉበት ነገር የትኛው ነው? ቢበጠስ በማን ላይ ይሄዳል?