ይታይሽ ፈረስ ስትገዛ

ቀረብ በሉ ልጆች፣ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በድሮ ዘመን፣ ትልቅ ወንዝ በሚያቋርጠው አገር፣ ቸኮል የሚባል ገበሬና ይታይሽ የምትባል ሚስቱ ይኖሩ ነበር። ቸኮል ልቡ ደግ ነው፤ ግን የወደደውን ነገር ሁለቴ አያይም። ይታይሽ ደግሞ ሁለቴ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም። እሱ በእሷ ማጣራት፣ እሷ በእሱ ችኮላ እየሳቁ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖሩ።

አንድ ክረምት ይታይሽን የጉልበት ሕመም ያዛት። ዳገቱ እምቢ አላት፣ ቁልቁለቱ እምቢ አላት፣ ሜዳውም ከበዳት። ልጃቸው የተዳረችው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። በጥቅምት "ወለደች" የሚል መልእክት መጣ። ይታይሽ እልል አለች። ከዚያ ተቀመጠችና ጉልበቷን ማሸት ጀመረች።

ቸኮል ይህን ማየት አልቻለም። "ፈረስ እገዛልሻለሁ። የልጅሽን ልጅ ታቅፊያለሽ" አላት።

ቅዳሜ በጎረቤት አህያ አስቀምጧት ወንዙ ዳር ወዳለው ገበያ ሄዱ።

እዚያ በላቸው የሚባል ምላሱ ማር የሆነ የፈረስ ነጋዴ ነበር። አንድ ነጭ ፈረስ ይዟል። ጋማው የተበጠረ፣ ኮርቻው ቀይ ጨርቅ የለበሰ።

ቸኮል ገና ሲያየው ልቡ ሄደ። "በቃ፣ ይኸው ነው!" አለ።

"ቆይ እንጂ አንተ ሰውዬ" አለች ይታይሽ። "መጀመሪያ አያ ይመር ይዩት።"

አያ ይመር በፈረስ ሕክምና ያረጁ፣ እዚያው ገበያ የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው።

"እንዴት አድርጌ ልይላችሁ?" አሉ። "ቆሜ፣ ዓይኑንና ጥርሱን ብቻ ማየት እችላለሁ። ኮርቻውን አውርጄ፣ ኮቴውን አንስቼ፣ ትንፋሹን አዳምጬ ላየውም እችላለሁ። ወይ ደግሞ በሚሄድበት መንገድ ወስጄ አየዋለሁ፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።"

"የመጀመሪያው ይበቃል!" አለ ቸኮል።

"ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው" አለ በላቸው።

ይታይሽ ግን ሽማግሌውን ጠየቀች። "እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ያደርጉ ነበር?"

"ማን ነው የሚቀመጥበት?"

"እኔ። ከወደቅሁ አልነሳም።"

"የት ትሄጂበታለሽ?"

"ወንዙን ተሻግሬ፣ ልጄ ዘንድ።"

"ሜዳ ላይ ለሚውል ፈረስ የመጀመሪያው ይበቃ ነበር። ላንቺ ሦስቱም ያስፈልጋሉ" አሉ አያ ይመር።

ቆመው አዩት። ዓይኑ ጥሩ፣ ጥርሱ ጥሩ። ኮርቻውን ሲያወርዱ ግን ከሥሩ መዳፍ የሚያህል ቁስል አገኙ።

"ኮርቻው ትናንት ነው የላጠው፤ ቅቤ ያድነዋል" አለ በላቸው።

"ቅቤ እኮ አለን!" አለ ቸኮል ሚስቱን እያየ።

ይታይሽ ሳቋን ዋጥ አድርጋ "ወደ ወንዙ" አለች።

ሰው ተሰብስቧል። በላቸው ደረቱን ነፋ። "ይህ ፈረስ ውሃ ከፈራ፣ እዚህ ካሉኝ ፈረሶች የወደድሽውን እሰጥሻለሁ። እናንተ ምስክሮቼ ናችሁ!"

አያ ይመር "ቁስሉ ላይ አትውጣ፣ በልጓም ሳበው" ቢሉትም አልሰማም፤ ዘሎ ወጣ። ፈረሱ ውሃውን ሲያይ ቆመ። በላቸው ኮረኮረው፤ ፈረሱ ወደ ኋላ አለ። ገረፈው፤ ዞረ። ደግሞ ሲገርፈው በሁለት እግሩ ተነሣና ነጋዴውን ከውሃው ውስጥ ከተተው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቸኮል ግን አልሳቀም፤ ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ይቱ" አላት ቀስ ብሎ፣ "እኔ እኮ አንቺን ላስቀምጥበት ነበር።"

እጁን ያዘችው። "አላስቀመጥከኝም እኮ" አለችው።

በላቸው ውሃው እየተንጠባጠበ ወጣና "በይ ምረጪ" ብሎ የሚያማምሩ ፈረሶቹን አሳያት።

"አንተ ራስህ ዛሬ የመጣኸው በየትኛው ነው?" አለችው ይታይሽ።

በላቸው ዛፍ ሥር ወደታሰረች፣ ሆዷ ወደወረደ አመድማ ባዝራ ተመለከተ። "በዚያች" አለ።

"ቤትህ የት ነው?"

"ማዶ።"

"ወንዙን ስንት ጊዜ አሻግራሃለች?"

በላቸው የራሰ ሱሪውን መጭመቅ ጀመረ። ሰዎቹ መለሱለት። "ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ!"

"እንግዲያው እሷን ነው የምፈልገው።"

"እሷማ አትሸጥም!" ብሎ ጮኸ በላቸው። ግን ምስክሮቹ ቆመው ያዩታል፤ ምን ያድርግ?

አያ ይመር ባዝራዋንም ሳይመረምሩ አልለቀቁም። ቆመው አዩ፣ ዳሰሱ፣ ወንዙን አሻግረው መለሷት። ሲጨርሱ "አርጅታለች። አንድ ጥርስ ጎድሏታል። መሮጥም አትችልም" አሉ።

"እኔስ መቼ እሮጣለሁ?" አለች ይታይሽ።

በነፃ ግን አልወስድም አለች። ተገቢውን ዋጋ ከፍለው ወሰዷት። ሌሎቹ ፈረሶቹ ውሃ አይደፍሩምና፣ በላቸው ሱሪውን ሰብስቦ ወንዙን በእግሩ ገባበት። ነጩ ፈረስስ ካላችሁኝ፣ "ጀርባው እስኪድን ማንም አይወጣበትም" ብለው አያ ይመር ቤታቸው ወሰዱት።

በማግስቱ ይታይሽ በባዝራዋ ላይ ተቀመጠች። ቸኮል እርካቡን ይዞ ከጎኗ ገባ። ውሃው ከወገቡ ደረሰ። ባዝራዋ አንድ እግር አስቀድማ፣ ሌላውን አስከትላ፣ ሳትደነግጥ ማዶ አወጣቻቸው።

ልጃቸው ከአራስ ቤት ሆና ድምፃቸውን ሰማች። "እማዬ! በምን መጣሽ?" ብላ አለቀሰች። ይታይሽ ሕፃኗን ታቀፈች። ቸኮል በሩ ላይ ከነእርጥብ ልብሱ ቆሞ፣ ሦስቱን እያየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልቸኮለም።

እናንተም ልጆቼ፣ ፈረስ ስትገዙ "ምን ያህል ልመርምር?" ብላችሁ ሻጩን አትጠይቁ። ማን እንደሚቀመጥበትና የት እንደሚሄድ ራሳችሁን ጠይቁ። የሚቀመጥበት የምትወዱት ሰው ከሆነ፣ ቀኑ ቢያልቅም ይለቅ።

እኔ የሰማሁትን አካፈልኳችሁ፤ እናንተ ደግሞ ላልሰማው አካፍሉ።