«አመድ ናት ወይስ ቀይ?»

አንድ ጊዜ አህዮች በሣር ተጣልተው ለሁለት ተከፈሉ። አህያ ከአህያ በምን ይለያል? ግማሾቹ አመድ ላይ፣ ግማሾቹ ቀይ አፈር ላይ እየተንከባለሉ ይለያዩ ጀመር። ቀዮቹ የጋራውን መስክ ነጥቀው አመዶቹን ወንዝ አሻገሯቸው። አመዶቹም መልሰው ሊያጠቁ ተሰለፉ።

ከአመዶቹ ወገን የሆነች ቡሊት የምትባል እናት አህያ ግን አንድ ቦታ መቆም አቃታት። ልጇ ዳሚት ከጠቡ በፊት ተድራ ስለነበር ከቀዮቹ ጋር እዚያው ማዶ ቀርታለች። ቡሊት ሣር ትነጭና ትተፋለች፤ ጆሮዋ አንዴ ወደ ወንዙ፣ አንዴ ወደ ኋላ ይዞራል። ከኋላ የአለቃው አማካሪ ቀበሮ ያመጣው አጋር፣ አያ ጅቦ፣ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ ይሄ ከኋላችን ምን ይሠራል?» አለች የአመዶቹን አለቃ።

«ደጀን ነው» አላት።

«መቼ ነው የምበላው?» አለ ጅቡ ምራቁን እየዋጠ።

«መቼ ነው የምዋጋው ማለቱ ነው» አለ ቀበሮ ፈጠን ብሎ። «አትስጊ እናት ዓለም፤ አህያ ለአህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበርም ሲባል አልሰማሽም?»

አለቃው አናፋ። አመዶቹ ወንዙ ውስጥ ገቡ፤ ቀዮቹም ሊመክቱ ዘለው ገቡ። ውሃው ታዲያ አመዱንም ቀዩንም አጠበው። ሁሉም ያው አህያ ሆነ። ቡሊት ማን ወገን፣ ማን ጠላት እንደሆነ ጠፋት። ከኋላዋ አንዷ ስትጠጋት ደንግጣ ባላት ኃይል ረገጠቻት።

«እማዬ! እግሬን!»

ዳሚት ናት፤ እናቷን ፍለጋ ነበር የመጣችው። ጥርሷስ ደህና ነው፣ የተሰበረው እግሯ ነው።

ቡሊት እያለቀሰች ልጇን ወደ ዳር ገፋቻት። ያን ጊዜ ጅቡ ከቆመበት ተንደረደረ።

«ኧረ የአህያ ያለህ! ልጄን አስጥሉኝ!»

አህዮቹ ከሁለቱም ወገን ሮጠው መጡና ቀጥ አሉ።

«ቆይ፣ አመድ ናት ወይስ ቀይ?» አለ አንዱ።

«ወገኗን ሳናውቅማ እንዴት እንገባለን!» አለ ሌላው።

ጅቡ ግን አልጠየቀም።

በመጨረሻ አመዶቹ አሸንፈው መስኩ ተመለሰላቸው። አለቃው ደስ ብሎት ሁሉም አመድ ላይ እንዲንከባለል አዘዘ። ቡሊት እንደ ራሰች ቆማ ቀረች።

«አንቺስ? ወገንሽን በምን እንለይ?» አላት።

«ጅቡን ጠይቀው» አለችው። «እሱ ሳይለይ ነው የበላው።»

ጅቡም ከንፈሩን እየላሰ ወደ ቀበሮ ዞረ፤ «ነገስ የሚያጠቁት የትኞቹ ናቸው?»

ከዚህ የምንማረው ወንድም ወንድሙን ወግቶ ያገኘው ድል ግብሩ የሚበላው በጅብ ቤት መሆኑን ነው።