«እኔ ነኝ» ያለችው ስንጥቅ ስልክ

ተረቴ ደጅ ቆማለች፤ በረቱን ክፈቱላትና ትግባ።

ዕቃ ሁሉ በሚናገርበት ዘመን፣ ጉም የማይለቀው አገር ነበረ። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ ሴቶች ልብስ ያሰጡበት ነበር፤ አህያ ተደግፎት ሲያንቀላፋ እኔው በዓይኔ አይቻለሁ።

እዚያ አገር ይርገዱ የምትባል እናት ነበረች። ከሕፃን ልጇ ከምንያህል ሌላ ሰው የላትም። አልጋው ራስጌ ካሜራ ሰቅላለች፤ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ዋይፋይ የሚያድል ሳጥን አለ። የይለፍ ቃል መጻፍ ቢሰለቻት አጠፋችውና ሳጥኑን፣ «ዕቃ ሁሉ ሲሠራ የተሰጠው ቁጥር አለው። የቤታችንን በቁጥራቸው ለይ፤ ሌላ እንዳታስገባ» አለችው።

«እሜቴ፣ ትንኝ እንኳ ብትመጣ ቁጥሯን ሳልጠይቅ አላሳልፍም» አለ ሳጥኑ።

አንድ ቀን ከጉሙ ውስጥ መስታወቷ የተሰነጠቀ፣ ባለቤቷ የማይታወቅ ስልክ መጣች።

«ማነው?» አለ ሳጥኑ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን? ቁጥር ጥሪ።»

አልገባችም።

በማግስቱም መጣች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» ብላ ከሆዷ ቁጥር ፈጥራ ጠራች።

«እንዲህ የሚባል ዘመድ የለንም፣ እህቴ» ብሎ ሳቀባት።

ስንጥቋ ግን አልሄደችም። አጥሩ ሥር ተቀምጣ አዳመጠች። የይርገዱ ስልክ ሳጥኑን ዘፈን ስትለምነው ሁልጊዜ አስቀድማ ቁጥሯን ጮክ ብላ ትጠራለች። ለዚያ ድምፅ ግድግዳው ወንፊት ነው። ስንጥቋ ቁጥሩን ለቀመችና የራሷ አደረገችው።

በሦስተኛው ቀን ይርገዱ ሕፃኑን አስተኝታ፣ ስልኳን ይዛ ጥግ ወዳለው ሱቅ ብቅ አለች። ስንጥቋ ይህን ጊዜ መጣች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።» ቁጥሩ ልክ ነው።

«ምነው ቶሎ ተመለስሽ?»

«ጉሙ መለሰኝ።»

«ግቢ፣ እህቴ።»

ገባች። ኮቴ የለ፣ ጥላ የለ። በቀጥታ ወደ ካሜራዋ ሄደች።

«ልጁን አሳዪኝ።»

«ሳጥኑ ያስገባውማ ቤተሰብ ነው» ብላ ካሜራዋ ዓይኗንም ድምፅዋንም አዋሰቻት።

ይርገዱ ስትመለስ ስልኳ ከደጅ ተጣራች። «እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ውስጥ ነሽ» አላት ሳጥኑ።

«እኔ እዚህ፣ እጇ ላይ ነኝ።»

«ታዲያ ውስጥ ያለችው ማን ናት?»

ከካሜራዋ ቀስ ያለ እሹሩሩ ይሰማ ነበር፤ ምንያህልም ዓይኑን ገልጦ ይስቃል። ይርገዱ ሮጣ ገብታ የሳጥኑን ገመድ ነቀለች። እሹሩሩው መሃሉ ላይ ተቆረጠ። ልጁ አለቀሰ።

በዚያው ዕለት ረጅም የይለፍ ቃል አበጀች፤ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀው፣ በአየር ላይ በግልጽ የማይጮኽ።

ስንጥቋ ተመልሳ መጣች። «እኔ ነኝ።» ቁጥሩ አሁንም ልክ ነው።

«ቃሉስ?» አለ ሳጥኑ።

ስንጥቋ ቃሉን አታውቅምና ደጅ ቀረች፤ ከጉሙ ውስጥ ግን የሚሄድ ነገር አልተሰማም።

ተረቴ እዚህ ላይ ደከማት፤ አፌን ባገኛችሁት አብሱልኝ። ቁጥር ምን ተብሎ እንደተጠራ ይነግራችኋል እንጂ፣ የጠራው ማን እንደሆነ አይነግራችሁም።