ስም የለሹ አዝራርና የጋሽ ይርዳው ቁልፍ

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ፣ ሳልጨርስም አትንሡኝ።

ደሴ ከተማ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ፋናዬ የምትባል ልጅ ነበረች። ሥራዋ የኢንተርኔት ገጾችን ለሕዝብ ከመከፈታቸው በፊት መፈተሽ ነው። እንደ ሰው ገጽ እየከፈተ፣ አዝራር እየተጫነ የሚሞክርላት ፕሮግራም አላት፤ ሮቦቱ ትለዋለች። የዚያን ቀን የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፤ ሮቦቱ «ቀጠሮ ያዝ» የሚለውን አዝራር እንዲጫንላት።

ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። ገጹ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ታካሚ የሚመዘግቡበት ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ፈተናውን ካላለፈ የደሴ ተራ ለሌላ ከተማ ይሰጣል። የፎቁ ዘበኛ ጋሽ ይርዳው ደግሞ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሶ፣ የልጅ ልጃቸውን በድምጿ እንጂ በመልኳ አያውቋትም።

ሮቦቱን «ከላይ ሦስተኛውን አዝራር ተጫን» ብላው ነበር። ደሴ ውስጥ እንግዳ የሚመራው እንዲሁ አይደል? «ከመስጊዱ አልፈህ ሦስተኛው በር» ይባላል፣ እንግዳውም ይደርሳል። ሮቦቱ ሦስተኛውን ቢጫን ግን አደይ አበባ በስክሪኑ ላይ ረገፈ። «መልካም አዲስ ዓመት!» ለካ ትናንት ከ«ቀጠሮ ያዝ» በላይ የበዓል አዝራር ተጨምሮ ኖሯል።

«ያልሽኝን አድርጌያለሁ» አለ ሮቦቱ ኮራ ብሎ። «ከእንግዲህ ስሙን ካልነገርሽኝ አልጫንም።»

ፋናዬ ወደ አዝራሩ ዞረች። «አዝራሬ፣ ሮቦቱ አልጫንም አለ። ስምህን ንገረኝ።»

«ስም መች ሰጣችሁኝ?» አለ አዝራሩ አኩርፎ። «ላዬ ላይ የተጻፈውማ ቋንቋ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ዛሬ አራተኛ ነኝ፤ በዓሉ ሲያልፍ ሦስተኛ እሆናለሁ። የራሴ ስም ከሌለኝ አልገኝም።»

ገጹን ወደሠራው ወደ ኪሩቤል ሮጠች። «ኪሩዬ፣ ሮቦቱ አልጫንም አለ፣ አዝራሩ አልገኝም አለ። እባክህ ስም ጻፍለት!»

«በምን ልጻፍ? መብራት እኮ አሁን ሄደ!» አለ ኪሩቤል የጠፋ ስክሪኑን እያሳያት። «ጄኔሬተሩ ካልተነሣ አልጽፍም።»

ደረጃውን ወርዳ በጄኔሬተሩ ክፍል በር ቀዳዳ ጮኸች። «ጄኔሬተር ሆይ፣ ሮቦቱ አልጫንም አለ፣ አዝራሩ አልገኝም አለ፣ ኪሩቤል አልጽፍም አለ። ተነሣልኝ!»

«ታፍኜ በጭሴ ልሙት?» አለ ጄኔሬተሩ። «በሩ ካልተከፈተ አልነሣም።»

«በር ሆይ፣ ሮቦቱ አልጫንም አለ፣ አዝራሩ አልገኝም አለ፣ ኪሩቤል አልጽፍም አለ፣ ጄኔሬተሩ አልነሣም አለ። ተከፈትልኝ!»

«ጋሽ ይርዳው ቁልፌን ካላስገቡ አልከፈትም» አለ በሩ።

ጋሽ ይርዳው እዚያው ነበሩ፤ የቁልፍ ዘለላ ይዘው ላብ አጥምቋቸዋል።

«ጋሽ ይርዳው፣ ሮቦቱ አልጫንም አለ፣ አዝራሩ አልገኝም አለ፣ ኪሩቤል አልጽፍም አለ፣ ጄኔሬተሩ አልነሣም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ!»

«ቁልፉም አልገባም አለኝ፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ከዘለላው ሦስተኛው ነው፤ ሁሌም እሱ ነው። ዛሬ ምን ነካው?»

የፎቁ ባለቤት ትናንት የመጸዳጃ ቤቱን አዲስ ቁልፍ ዘለላው ውስጥ ጨምሮ ነበር። ለእሳቸው ግን ማንም አልነገራቸውም። ፋናዬ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት፤ እሷስ ለሮቦቱ ያደረገችው ይኸንኑ አልነበር?

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞከረች። ትክክለኛውን ስታገኝ ከሻርፗ ጫፍ ቀይ ክር መዝዛ አሰረችበት። «ከእንግዲህ አይቁጠሩ፣ ጋሽዬ። ይዳስሱ። የትም ቦታ ቢገባ ክር ያለው እሱ ብቻ ነው።»

ጋሽ ይርዳው ዳሰሱ፣ አገኙም። ቁልፉ ገባ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጄኔሬተሩ እያጉረመረመ ተነሣ፣ የኪሩቤልም ስክሪን በራ።

«አዝራሩን ማን ልበለው?» ሲል ጮኸ ከላይ።

«ቀይ ክር በለው!»

ኪሩቤል ጻፈ፣ አዝራሩ ተገኘ፣ ሮቦቱ ተጫነው። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ገጹ ለሕዝብ ተከፈተ።

ፋናዬ ስልኳን ይዛ እየዘለለች ወረደች። ስማቸውን ሞላችና የጋሽ ይርዳውን ጣት ይዛ አዝራሩ ላይ አሳረፈችው። የመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ሰኞ ጠዋት፤ ፋሻው የሚፈታው በማግስቱ።

«ተያዘ?» አሉ።

«ተያዘልዎ።»

ቀዩን ክር በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉ። «እንግዲህ የልጅ ልጄ ማንን እንደምትመስል» አሉ፣ «ማክሰኞ እነግርሻለሁ።»

ያዋሳችሁኝን ጆሮ ይኸው መለስኩ።