የጋሽ ጠናጋሻው የሞተ ቴሌቪዥን

አንድ ቀን ከከተማ አንዲት ባለሙያ መጥታ መንደርተኛውን ዋርካ ሥር ሰበሰበችን። የተበላሸ ሬዲዮ፣ ያበጠ የሞባይል ባትሪ፣ የተቃጠለ ቴሌቪዥን እየለቀመ ወስዶ ለሌላ ሥራ የሚያውል መኪና አለ አለችን። ዳገቱን የሚወጣው ግን ሁሉም ቤት አምሳ አምሳ ብር ለመክፈል ከፈቀደ ነው። አንድ ቤት እምቢ ካለ መኪናው ቀረ።

እጅ ሁሉ ወጣ፤ ከጋሽ ጠናጋሻው እጅ በቀር። ጋሽ ጠናጋሻው ማለት ሰው ጥላቸው ሥር እንዳያርፍ ብለው በቀትር ብቻ ከቤት የሚወጡ ሰው ናቸው። ከምንጩ በላይ ጓሯቸው ውስጥ የከመሩት የሞተ ዕቃ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ሊበልጥ ክንድ ነው የቀረው። ዝናብ በመጣ ቁጥር የባትሪው ዝቃጭ ምንጩ ውስጥ ይገባል። የጎረቤታቸው የስንሻው ላም ከዚያ ጠጥታ ሦስት ቀን እንደ ሬዲዮ ስታፏጭ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወተቷ ነጠፈ።

«ሳንቲም አልከፍልም!» አሉ ጋሽ ጠናጋሻው። «በገንዘቤ የገዛሁትን በገንዘቤ ላሰናብት? ቆራሌው እንኳ ከፍሎ ነው የሚወስድ!»

«ቆራሌው ቴሌቪዥንዎን አይቶ ሸሸ እኮ፣ ጋሼ» አለ ስንሻው።

«ይሽሻ! ሞቶ ጓሮዬ ቢጋደም ማንን ጎዳ?»

ከከተማ የመጣችው ልጅ ወረቀቷን ማጣጠፍ ጀመረች። ስንሻው የላሙ ነገር አንገበገበውና ጋቢውን እንደ ለቅሶ ደራሽ አጣፍቶ ተነሣ።

«ለመሆኑ ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው?»

«ዛሬ ሠላሳ ሰባት ቀኑ» አሉ፤ እሳቸው የማይቆጥሩት ነገር የለም። «ምን አገባህ?»

ስንሻው ወደ ሕዝቡ ዞረ። «አያችሁ ወገኖቼ! እኛ ንፉግ እያልን እናማቸዋለን፤ እሳቸው ለካ የቀብሩን ገንዘብ የያዙት ለተዝካሩ ሊያወጡት ነው! እሑድ አርባው ነው። ጋሼ፣ የሚታረደው የትኛው ነው፣ ጥቁሩ በሬ ወይስ ቦራው?»

«ነፍስ ይማር!» አለ መንደሩ ባንድ አፍ። ሴቶቹ ጌሾውን ማን እንደሚወቅጥ ተከፋፈሉ። አንዱማ ከማዶ ቀበሌ ዘመዶቹን ሊጠራ ተነሥቶ ሮጠ።

ጋሽ ጠናጋሻው የብራቸውን ቋጠሮ በጥርሳቸው እየፈቱ ልጅቷ ላይ ተጠመጠሙ።

«ልጄ፣ መቶም ቢሆን ውሰጂ፤ ብቻ ከእሑድ በፊት ይውጣልኝ!»