በክር የተንጠለጠሉት ጠቅላይ ሚኒስትር

አዲሱ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የአገራቸውን ገጽታ ሊያሳምሩ አዲስ አበባ መጡ አሉ። ኤምባሲያቸው አዳራሽ ሲገቡ ግን የገዛ ፎቶግራፋቸው በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ በገባ ቁጥር ሲወዛወዝ አገኙት። የሰቀለው ዘበኛ ተጠራ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በተጋበዙት እንግዶች ፊት በአስተርጓሚ ጮኹበት፤ "የአገሬ ክብር የሚታየው በእኔ መልክ ነው! ምስማር ጠፍቶ ነው ወይስ ንቀት? በቂ ምክንያት ከሌለህ ዛሬውኑ ትባረራለህ!"

ዘበኛው ሆዱ ቢፈራም ምላሱ አልፈራም። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

"ኧረ ንቀትስ አይደለም፣ ክቡርነትዎ! ከእርስዎ በፊት የነበሩትን ሁሉ በትልልቅ ምስማር አጥብቄ ሰቅዬ ነበር። እነሱ ግን ዓመቱንም ቀዳዳውንም ሳይደፍኑ ወረዱ፤ ተበሳስቶ የቀረው የአገርዎ ግድግዳ ነው።"